ኔትወርኩ አይደለም

ቃሊቲ ውስጥ አልሆን ላለ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው ኔትወርክ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ካኘከ ኔትወርክ ነው። ማኪያቶው ከዘገየ ኔትወርክ ነው። አንድ ማለዳ የሱቁ ቁልፍ አልዞር ያለው ጎልማሳ ከኋላው ለቆምነው ደንበኞች ዞር ብሎ «ኔትወርክ የለም መሰለኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀልዱን ይሁን የምሩን ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ኔትወርክ በሌለበት የሚታማ ምስኪን ነው፤ ቀርቦ «ኧረ እኔ አለሁ፣ ሌላ ፈልጉ» አይል ነገር!

ሐሜቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ያየሁት ጎረቤቴን ጋሼን ተከትዬ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር ላይ የጨረሱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አሁን መሪውን ለልጃቸው አስረክበው ወረቀት ወረቀቱን ብቻ ይዘዋል፤ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ብብታቸው ውስጥ ነው የሚውለው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ታዲያ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም፤ ነገ እኔም ጉዳይ ይኖረኛል) «ከእንግዲህ ማመልከቻ የምንቀበለው በድረ ገጽ ብቻ ነው» ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። ጋሼ ማስታወቂያውን አንብበው ሲያበቁ ዘበኛውን «ድረ ገጹ ስንተኛ ፎቅ ነው?» ብለው ጠየቁት እየተባለ በሰፈሩ ይወራል። እርሳቸው ሐሰት ነው ይላሉ። እኔ እውነት ቢሆን ደስ ይለኛል።

እኔን ከዚህ ጣጣ የከተተኝ ድሮ ድረ ገጽ እሠራ መኖሬ ነው። ሰፈር ውስጥ አንዴ «ኮምፒውተር ያውቃል» ከተባልክ አለቀልህ። ዲሽ ሲዞር ትጠራለህ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲቃጠል ትጠራለህ፣ የሠርግ ቪዲዮ ከፍላሽ ላይ ሲጠፋ ትጠራለህ። ጋሼም አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩተው «አንተ ልጅ፣ ተነሥ እስቲ! እነዚያ የጽሕፈት ቤት ልጆች ኔትወርክ የለም እያሉ አመላለሱኝ» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ገጹን ስከፍተው ወዲያው መጣ። «ይኸው፣ እዚሁ እንሙላው» ብላቸው ስክሪኗን በጣታቸው ለክተው «በዚች ስንጥር ላይ ስሜ ቢሳሳት በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ደግሞስ ወረቀቶቼ ስካን የተደረጉት እዚያ አይደለም?» አሉ። ተያይዘን ወረድን።

ስለ ቃሊቲ ትንሽ ላውራ፤ መንገድ ላይም ነን። ለማያውቃት ሰው ቃሊቲ ማለት ማረሚያ ቤቱ ነው። ደውሎ «የት ነህ?» ያለህን ዘመድ «ቃሊቲ» ካልከው «ምን አድርገህ?» ይልሃል። ሁለተኛው ሰው ጉምሩኩን ያውቃል፤ ሦስተኛው መንጃ ፈቃድ ሊፈተን መጥቶ ወድቆ የሄደ ነው። ሲኖትራኩ፣ ተሳቢው፣ ቦቴው አቧራውን እያነሣ ቀኑን ሙሉ ይተምማል፤ ያ አቧራ ከሰው ሳንባ ቀጥሎ የሚያርፈው ኮምፒውተር ማራገቢያ ላይ ነው። ባቡሩም እዚህ ያበቃል። ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2015 ነው፤ ለከተማው ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው መቆማቸው በየጊዜው ተዘግቧል። ከእኛ አለፍ ብሎ አቃቂ ላይ ደግሞ የመለዋወጫ ፋብሪካ አለ። እንግዲህ የአሮጌ ማሽን ነገር ለሰፈራችን ባዕድ አይደለም። ጋሼ ራሳቸው ሞተር ሲጮህ ሰምተው የትኛው ቫልቭ እንደታመመ ይናገራሉ። ብራውዘር ግን አይጮህም።

ጽሕፈት ቤቷ ከመናኸሪያው ማዶ ናት። ታፔላዋ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶግራፍና ኢንተርኔት ተዘርዝሯል፤ ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «የመንጃ ፈቃድ ጥያቄና መልስ አለ» ይላል። ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዷ በመስኮቱ በኩል፣ ሌላዋ ጥግ ላይ። ልጅቷ ጋሼን ስታይ ገና ሳይቀመጡ «አባባ፣ ዛሬም ኔትወርኩ ነው» አለቻቸው።

«የኔ እህት፣ ዋይፋዩን ትሰጭኛለሽ?» አልኳት። ሰጠችኝ። በራሷ ዋይፋይ፣ በእኔ ስልክ፣ ያው ገጽ ፏ ብሎ ተከፈተ። ለሚመረምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገጹ በሕይወት አለ፤ መስመሩም ደህና ነው፤ እንግዲህ ጥፋተኛው ከዚህች ክፍል አልወጣም። ስልኩን ዘርግቼ ሳሳያት ግን ልጅቷ አልተደነቀችም።

«ስልክማ ሌላ ኔትወርክ ነው» አለችኝ።

የመስኮቷ ማሽን ዊንዶውስ 7 ናት። ልጅቷ ኢንተርኔት የምትገባው ሰማያዊዋን የፈረንጅ «ኢ» ተጭና ነው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር። ገጹ መጣ። መጣ ስል ግን ቤት የለቀቀ ተከራይ ዕቃውን እንደከመረበት አይሱዙ ሆኖ ነው የመጣው፤ ዓርማው ከላይ ስክሪኑን ሞልቶ፣ ምናሌው ቁልቁል ተዘርግፎ፣ የስም መሙያው አድራሻው ላይ ተደርቦ፣ የግርጌው ማስታወሻ መሐል ገብቶ። «ቀጥል» የሚል ቁልፍ አለ፤ ትጫነዋለህ፣ ዝም። ትደግመዋለህ፣ ዝም።

«አዩ? ኔትወርኩ እኮ ነው» አለች ልጅቷ።

ጋሼ በበኩላቸው «አጥፍተሽ አብሪያት» አሉ። አጠፋቻት። ዊንዶውሱ እስኪነሣ አንዱ መጥቶ መታወቂያውን ኮፒ አስደርጎ ሄደ፤ ሌላዋ ሲቪዋን አሳርማ፣ አስነሥታ፣ መልስ ተቀብላ ወጣች። ማሽኗ ተነሣች፤ ገጹም ያው ነው።

እዚህ ላይ እንጀራዬ ስለነበረ ትንሽ ታገሡኝ። ድረ ገጽ ከሦስት ነገር ይሠራል። አንዱ ጽሑፉና መሙያ ሣጥኑ ነው። ሁለተኛው የቱ ከየቱ ጎን ይቀመጥ የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ሲ ኤስ ኤስ ይባላል። ሦስተኛው ስትጫነው ምን ይሁን የሚለው ነው፤ ጃቫስክሪፕት። ብራውዘር ማለት እነዚህን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ እርሱ ከተሠራ በኋላ የተፈለሰፈ ትእዛዝ ካልተማረ አይገባውም። ሲ ኤስ ኤስ ታጋሽ ነው፤ ብራውዘሩ የማያውቀው ትእዛዝ ሲገጥመው ዝም ብሎ ይዘለዋል። ዛሬ ገጽ የሚደረደርበት ግሪድ የተባለው ስልት ክሮምና ፋየርፎክስ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. ማርች 2017 ነው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚያውቀው የስልቱን የቀድሞ ረቂቅ ብቻ ነበር። ትእዛዙ ሲዘለል ከጎን ለጎን መቆም የነበረበት ሁሉ ቁልቁል ይከመራል።

ጃቫስክሪፕት ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቀው አጻጻፍ ውስጥ ቀስት የመሰለች አንዲት ምልክት አለች። አሮጌው ብራውዘር እርሷን ካላወቃት የሚጥለው ያችን መስመር ብቻ አይደለም፤ ፋይሉን በሙሉ ነው። አንድ ሺህ መስመር ተጽፎ አንዷ ምልክት ካልታወቀች ሺሁም ሥራ አይጀምርም። «ቀጥል» የሞተው ለዚህ ነው። ስሕተቱ የት እንዳለ የሚናገር መዝገብም አለ፤ ኤፍ 12ን ስትጫን ይወጣል። ነገር ግን ላሚኔሽን እየጠበቀ ኤፍ 12ን የሚጫን ማን ነው?

ጋሼ ይህን ሁሉ አዳምጠው «ታዲያ ካላወቀ ለምን አላውቅም አይልም?» አሉኝ። ብዙ መሐንዲስ ያላነሣው ጥያቄ ነው።

ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን አዝንለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ስድስተኛው ስሪት ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ሲወጣ ዘመኑ የእርሱ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከዓለም ተጠቃሚ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በእርሱ ይጠቀም ነበር። ተፎካካሪ ሲጠፋ ሠሪው ማይክሮሶፍት ተዘናጋ፤ ሰባተኛው ስሪት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚያ መሐል ድረ ገጽ የምንሠራ ሰዎች ገጹን አንዴ ለዓለም፣ አንዴ ደግሞ ለእርሱ አመል እንሠራ ነበር። ፀጉሬ የሳሳው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዩቲዩብ መሐንዲሶች ምርር ብሏቸው፣ አለቃ ሳያስፈቅዱ፣ ለስድስተኛው ስሪት ተጠቃሚዎች ብቻ የሚታይ ማስታወቂያ አወጡ፤ ይህን ብራውዘር በቅርቡ መደገፍ እናቆማለንና ቀይሩ የሚል። በወር ገደማ በዚያ ብራውዘር የሚመጣው ሰው በግማሽ ቀነሰ። ጉዱን ከዓመታት በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ራሱ ጻፈው።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ማይክሮሶፍት ራሱ ጡረታ አስወጣው። አንድ የደቡብ ኮሪያ መሐንዲስ ግዮንግጁ በተባለች ከተማ የመቃብር ድንጋይ አቆመለት፤ ሌሎች ብራውዘሮችን ለማውረድ ጥሩ መሣሪያ ነበር የሚል ቃል አስቀርጾበታል። ኮሪያውያን ሊስቁም ሊያለቅሱም ይገባቸዋል፤ ባንካቸውና የመንግሥት ገጾቻቸው ለብዙ ዓመት ከእርሱ በቀር በሌላ አይሠሩም ነበርና። ሐውልቱ ቆሞ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ቃሊቲ ግን መርዶው አልደረሳትም።

ይህን እያሰብኩ መብራት ሄደ።

ዩፒኤሱ ጥቂት ጮኸና እርሱም ተስፋ ቆረጠ። ልጅቷ ቡና አዘዘችልን። በዚህ መሐል ጋሼ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው «በዚህስ?» አሉ። ኦፔራ ሚኒ ነው ያላቸው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔትን የተዋወቅነው በዚች ፕሮግራም ስለሆነ ክፉ አልናገራትም። ዳታ በጣም በምትቆጥብበት ስልቷ ገጹን ራሷ አትከፍተውም፤ የኦፔራ ሰርቨሮች ሩቅ አገር ከፍተው፣ ጨምቀው፣ አሳንሰው ይልኩላታል። በካርድ ለሚኖር ሰው ሲሳይ ናት። ችግሩ ጃቫስክሪፕቱም በአብዛኛው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ስለሚያበቃ፣ ስትጫነው መልስ የሚሰጥ፣ ፋይል የሚቀበል ቅጽ ሲመጣ ግራ ይገባታል። የጋሼ ስልክ ላይ ጽሑፉ ሁሉ መጣ፤ መሙያው ግን የለም። ጋሼ «መመሪያው ጥሩ ነው፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ» ብለው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

መብራቱ ሲመለስ ወደ ጥጓ ማሽን ዞርኩ።

«ያችኛዋስ?»

«ያች ኔትወርክ አትወድም። ለጽሕፈት ብቻ ናት።»

ኔትወርክ የማይወድ ኮምፒውተር አይቼ ስለማላውቅ ቁጭ አልኩ። ጎግል ክሮም ተጭኖባታል፤ ስሪቱ 109። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው ይህ ስሪት ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ነው፤ ከላይ «ከዚህ በኋላ አፕዴት ከፈለጉ ዊንዶውስ 10 ያስፈልግዎታል» የሚል ማሳሰቢያ በእንግሊዝኛ ያወጣል፤ ልጅቷም በየጠዋቱ ኤክሷን ተጭና ታባርረዋለች። ያም ሆኖ ግሪዱንም ቀስቷንም የሚያውቅ ብራውዘር ነው። ገጹን ስጠራው ግን የሰዓት ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ።

«ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል።»

ልጅቷ ሳቀች። «ወደ ኋላ? እስቲ ካሌንደሩን ይዩት!» ብላ ግድግዳውን አሳየችኝ። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዞ የቆመበት ካሌንደር ነው፤ ዕለቱም ሚካኤል ነበር፣ ግንቦት 12። ወደ ስክሪኑ ጥግ ብመለከት 12/9/2017 ይላል። ቀን 12፣ ዘጠነኛው ወር፣ 2017 ዓ.ም.። አንዲት ስሕተት የለበትም። ማሽኗ ግን ዓመተ ምሕረት አታውቅም፤ ለእርሷ ይህ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2017 ነው። የቀረው ዓለም ደግሞ ሜይ 20 ቀን 2025 ላይ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥር ሲ አር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ውስጡ አለች። እርሷ ካቻምና ሞታለች። ማታ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ማሽኗ ቀኑን ትረሳለች። ደብዳቤ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ቀኑን ራሱ እንዲያስገባ ተደርጓል፤ ደብዳቤውም የሚሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ በየጠዋቱ ካሌንደሩን እያየች በእኛ አቆጣጠር ትሞላዋለች። ከማን አንሳ!

«ጳጉሜ ላይስ እንዴት ትሆኛለሽ?» አልኳት።

«ወር 13 አልቀበልም አለኝ። በእስክሪብቶ ጻፍኩት።»

ጥቅምት 29ና 30ም እንዲሁ እምቢ ብሏት ነበር። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ለማሽኗ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ የ2017 ፌብሩዋሪ ደግሞ በ28 ያበቃል። እነዚያን ሁለት ቀናት ልጅቷ ኅዳር 1 እያለች አሳለፈቻቸው። ከጽሕፈት ቤቷ የወጡ አንዳንድ ደብዳቤዎች ዛሬም በየመዝገብ ቤቱ ኅዳር 1 ቀን ብለው ይገኛሉ ማለት ነው።

ቀን ከድረ ገጽ ጋር ምን አገናኘው ለሚል፦ አድራሻው ፊት ላይ ቁልፍ የሚታይበት ገጽ ሁሉ ማንነቱን የሚመሰክር ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ብራውዘሩ ያንን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያመሳክራል፤ ካልተስማማ አስመሳይ ይሆናል ብሎ በሩን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የሚሰጡ ሰርተፊኬቶች ደግሞ ዕድሜያቸው ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። 2017 ላይ ለቆመች ማሽን እንግዲህ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ሰርተፊኬት በሙሉ ገና አልተወለደም። ፌስቡኩም፣ ጂሜይሉም፣ የጋሼም መሥሪያ ቤት። ለዚህ ነው ኔትወርክ የማትወድ የተባለችው። ስሟ የጠፋው በከንቱ ነው።

ይኸኛው ነገር ያናድደኛል። የጋሼ ጥያቄ እዚህ ጋ አይሠራም፤ ማሽኗ ተናግራለች። በየቀኑ፣ ቁልጭ አድርጋ፣ ሰዓቴ ወደ ኋላ ነው ብላለች። የተናገረችው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጅቷ ቃሉን ብታነበውም ከግድግዳዋ ጋር አልገጠመላትም። ደግሞ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ኮምፒውተር አያውቅም እንዳይባል፣ ዘመናዊ ብራውዘሮች ውስጥ ጳጉሜ ከነአምስት ቀኗ ከነስድስት ቀኗ ተሠርታ ተቀምጣለች። ማሽኑ ከውስጥ በፈረንጅ እየቆጠረ ለሰው በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ ገጹን የሚሠራው ሰው አንድ መስመር ቢጽፍ ይበቃል። ሥራውን ከተቀበለ አይቀር፣ አሮጌ ብራውዘር ለሚመጣበት ሰው ደግሞ በአማርኛ «ይህ ፕሮግራም አርጅቷል፣ ይህንን ይጫኑ» የሚል ሁለት መስመር ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? ዩቲዩብ ላይ የሠራ ዘዴ ቃሊቲ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ገጹን የሠሩት ልጆች በያዙት አዲስ ስልክ ሞክረው፣ ተጨባብጠው፣ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። በድረ ገጽ ብቻ ነው የምቀበለው የሚል መሥሪያ ቤት ሰው የሚመጣው ከዚህች ክፍል መሆኑን ያላወቀ ማንን ሊያገለግል ነው? «ብቻ» የሚለውን ቃል ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው በታክሲ እዚህ ድረስ ልኮ ማየት ነበረበት።

ቀኑን አስተካከልኩ። ገጹ ዓምዱ በዓምድ፣ ሣጥኑ በሣጥን ሆኖ መጣ። ጋሼ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ስም ስንሞላ ደግሞ ሌላ መዘዝ። የጋሼ ስምና አድራሻ ቀድሞ በፓወር ግዕዝ ተጽፎ ተቀምጦ ነበርና ልጅቷ ኮፒ አድርጋ ቅጹ ላይ ስትለጥፈው የጋሼ አባት የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የቅንፍ ቅልቅል ሆነው ወጡ። በዚያኛው አጻጻፍ ከአማርኛው ፊደል ሥር ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ ልዩ ፎንቱ ነው ሀ አስመስሎ የሚያሳየው። ፎንቱ የሌለበት ቦታ ሲሄድ ጭምብሉ ይወልቃል። ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መምጣት የጀመረው ከቪስታ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በኤክስፒ አማርኛ ገጽ የከፈተ ሰው ሣጥን በሣጥን ነበር የሚያነበው፤ ጋዜጦችም ገጻቸውን ፎቶ አድርገው ይለጥፉት ነበር። ጋሼ ስማቸውን በስክሪኑ ላይ ሲያዩ «ይኼማ ሰሌዳ ቁጥር ነው» አሉ። ኪቦርዱን ወደ ዩኒኮድ ቀይረን እንደገና፣ ፊደል በፊደል፣ ጋሼ ከኋላ እየተቆጣጠሩ ጻፍነው። አባታቸው ተመለሱ።

«ቀጥል» ተጫንን፤ ቀጠለ። ሊብሬው ገባ፣ ፎቶው ገባ፣ የማመልከቻ ቁጥር ወጣ። ልጅቷ አተመችላቸው።

በዚህ መሐል ጋሼ ሹልክ ብለው ወጥተው ከመንገዱ ዳር ሰዓት ሠሪ አዲስ ባትሪ ገዝተው ተመለሱ። የጥጓን ማሽን ከፍተን ስናስገባላት ከውስጧ የወጣው አቧራ የስንት ሲኖትራክ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ለመስኮቷ ደግሞ ፋየርፎክስ 115ን ጫንኩላት፤ ለነዊንዶውስ 7 ሲባል ዕድሜው በተደጋጋሚ የተራዘመለት ስሪት ነው። ሰማያዊዋን «ኢ» ከፊት ገጹ ላይ አነሣኋት፤ ልጅቷ ቅር ብሏታል።

«ዊንዶውስ 10 ባስጭናትስ?» አለችኝ።

«እርሱም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጡረታ ይወጣል።»

«ዛሬ ስንት ነው በእነሱ?»

ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረችና «ውይ፣ አምስት ወር እንኳ የለውም! ታዲያ ከአሁኑ ምን አስለፋኝ?» አለች። የዊንዶውስ 7 የራሱ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 እንደቆመ ልነግራት ጀምሬ ተውኩት። አንድ ቀን ለሁሉም መርዶ አይበቃም።

ሒሳብ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ልጅቷ ስካኑንም፣ ሕትመቱንም፣ የኢንተርኔቱንም ደመረች። ጋሼ «ማሽንሽን አስጠግኜ፣ ባትሪ ገዝቼ፣ ደግሞ እኔው ልክፈል?» አሉ። «አባባ፣ እኔ ባትሪ ግዙልኝ አልኩ?» አለች። የእኔን የእጅ ዋጋ ማንም አላነሣም። ብዙ ከተባባሉ በኋላ ጋሼ ግማሹን ሊከፍሉ፣ በቀረው ሒሳብ አንድ ነገር በነፃ ላሚኔት ሊደረግላቸው ተስማሙ። ላስቲካቸውን ፈትተው መንጃ ፈቃዱንም፣ ኢንሹራንሱንም ገላለጡና ሁሉንም መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ አሁን የታተመችውን፣ ገና ትኩስ የሆነችውን የማመልከቻ ቁጥር አንሥተው ለልጅቷ ሰጧት።

«አባባ፣ ይቺ እኮ ጊዜያዊ ናት። ለሁለት ሳምንት ነው፣ መልሱ እስኪመጣ።»

«አድርጊው ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «እኔ ከቢሮ ጋር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ወፈር ባለው ላስቲክ አድርጊልኝ።»